ከአምስተኛ ፎቅ የመጣ መልስ

የሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በኢንተርኔት የሚወያዩበትን መድረክ የምትቆጣጠረው ሰኚ ናት። ጥብቅ ሕግ አላት፤ መልስ የሚጽፍ ሰው ጉዳዩን ርዕሱ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። «መልስ፦ መልስ፦» ብቻ ብሎ የሚልክ ያናድዳታል።

ቅዳሜ ከሰዓት «ውሃ መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። ወዲያው መልስ ገባ። ርዕሱ «ውሃ አሁን መጣ» ይላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ወጥ ቤት ያለው ቧንቧ አየር ተፍቶ መፍሰስ ጀመረ።

«ርዕስ ማለት እንዲህ ነው! ሌንጮ፣ ሰዉ ገባው እኮ» አለች ለባሏ።

«አንቺ ጨቅጭቀሽው የማይገባው ማን አለ?» ብሎ ሳቀባት።

ከዚያው ሰው ሌላ መልስ ገባ። «ሜቲ ዳቦ ገዝታ ደረጃ መውጣት ጀመረች» ይላል ርዕሱ። ሜቲ የስድስት ዓመት ልጃቸው ናት፤ ሱቅ የላካት ሌንጮ ነበር።

ሰኚ የላኪውን አድራሻ አየች። «ብሎክ 14፣ አምስተኛ ፎቅ።» ብሎክ 14 የእነሱ ነው። እነሱ የሚኖሩት አራተኛው፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከእነሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«ሜቲ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች» የሚል ርዕስ ገባ።

«ሌንጮ፣ ልጄን አምጣልኝ!»

ሌንጮ በነጠላ ጫማው እየሮጠ ወረደ። ሰኚ ገጹን አደሰችው። ሌላ ርዕስ መጥቷል።

«ሜቲ ቤት ገባች።»

«ደረጃው ላይ የለችም!» አለ ሌንጮ ከታች። ከዚያ ተጣራ። «ሜቲ!»

«አቤት አባዬ!» አለች ሜቲ፣ ከኮርኒሱ በላይ።