የሰፈሩ ዕውቅ ሰዎች

የሺሃረግ አቶ ገመዳን ስታይ በሯን ትዘጋ ነበር።

አቶ ገመዳ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። በ1972 ቀበሌው የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ታሪክና የዕውቅ ነዋሪዎቿን ዝርዝር እንዲጽፉ አዘዛቸው። ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ብቻቸውን ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። «የኪዳነ ምሕረትንም ታሪክ እየጻፍኩ ነው» ይላሉ። ጴንጤ ሰው ኪዳነ ምሕረት ምን ዶለው?

ልጇ ሰሎሞን በቀይ ሽብር ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የጠቆሙበት አቶ ገመዳ ናቸው ብላ ታምናለች። ሞቷል ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። የት እንደ ጣሉት እንኳ ብታውቅ፣ አፈሩ ላይ ተደፍታ እርሟን ባወጣች ነበር።

አንድ ጠዋት አቶ ገመዳ እሷም ደጅ ደረሱ።

«የሺሃረግ፣ ሰሎሞን የዚያን ዕለት ምን ለብሶ ነበር?»

ደሟ ፈላ። «የጠቆመበትን ሰው ይጠይቁት! ያውቀዋል!»

«ሰማያዊ ሹራብና ሸራ ጫማ» አለች ሴት ልጇ አፀደ ከጓዳ።

ሽማግሌው ጽፈው ሄዱ። የሺሃረግ ልጅቷን በጥፊ አለቻት፤ ወዲያው አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር አፀደን አልጋ ሥር ትደብቃለች።

በጥቅምት አቶ ገመዳ ሳንባቸውን ታመው ተኙ። «የሺሃረግን ብቻዋን ጥሩልኝ» እያሉ ሦስት ጊዜ ላኩባት።

«ይቅር በይኝ ሊለኝ ነው። ከነኃጢአቱ ይሂድ!» አለች። አልሄደችም።

በማግስቱ ሞቱ። ለቅሶ ቤት በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እያለቀሰች የምትገባን ሴት ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። የሺሃረግ አንድ ጠብታ እንባ ሳይወጣት ስትጮህ ዋለች። ስትወጣ ደብተሩ ነጠላዋ ሥር ነበር።

ቤቷ ገብታ፣ ሳትገልጠው፣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ ገና አምና ነው፤ ደግሞስ የጠቋሚ ጽሑፍ ምኑ ይነበባል? ነዶ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ከእሳቱ ተርፋ አመዱ ዳር ወድቃለች። አንስታ ፊደል በፊደል ለቀመቻት፦

«ሰሎሞን፣ የየሺሃረግ ልጅ። በምስጢር ለእናቱ ይነገራት። የተቀበረው ከኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ከ»