ክር ያለው ጥይት

በይመር ግምት፣ እሱ ተኩሶ እንደማያውቅ የሚያውቅ ሰው በቶሮንቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ያም ራሱ ይመር ነው።

ሚስቱ አጸደ የሰማችው ታሪክ ሌላ ነው። ሊያገባት ደጅ ሲጠና፣ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ የሻለቃው አንደኛ አልሞ ተኳሽ እንደነበረ ነግሯታል። እውነቱ ግን በማሠልጠኛው በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ሰው ጎደለና ይመር ተላከ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ሽንኩርት ከተፈ። ሽንኩርት ከታፊ ነኝ ብሎ ማን ሚስት ያገኛል? ውሸቷ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀልባት ወፈረች።

ጉዱ የፈላው ባለፈው መስከረም ነው። አጸደ ስካርቦሮ አንድ መጋዘን ውስጥ የተኩስ ክለብ እንዳለ ሰምታ መጣች።

"ሂድና ልምድህን አድስ እንጂ" አለችው፣ ሽንኩርት ሲከትፍላት ቆማ እያየች። "እንዲህ ያለ ፈጣን እጅ ይዘህ ቁጭ ማለትህ ያሳዝናል።"

እምቢ ቢል ምን ብሎ? ተመዘገበ። እሷም ብቻዋን ላለመቀመጥ በዚያው ሰሞን ማክሰኞ ማክሰኞ የሹራብ ሥራ ኮርስ ጀመረች። እስካሁን አንዲት ካልሲ አልወጣትም።

ሽጉጡ የክለቡ ነው፤ ከበር አይወጣም። ጥይቱ ደግሞ ሰም ነው። ባሩድ የለውም፤ ቀለሃው ሥር ያለችው ትንሽ ካፕሱል ብቻ ገፍታ ትወረውረዋለች። አባላቱ ሰሙን ቤታቸው አቅልጠው፣ እንደ ቂጣ አስፍተው ያመጣሉ፤ ክለቡ ሲደርሱ ባዶውን ቀለሃ ሰሙ ላይ ሲጫኑት ጥይቱ ተቆርጦ ይገባለታል። ፈረንጆቹ ሰም ይገዛሉ። ይመር ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የጧፍ ማብሪያውን የሚያጸዳው እሱ ስለሆነ፣ ቁርጥራጩን በጣሳ እያመጣ ኩሽና ውስጥ ያቀልጣል። አጸደም አጠገቡ ቆማ ታያለች። ጣሳውን ሲሞላው መልሶ ይጎድላል። ቄሱ በትጋቱ ያመሰገኑት ዕለት ይመር ጫማውን ሲያይ ዋለ።

የጧፉን ክር ማውጣት እንዳለበት ግን አላወቀም። ጥይቱ ክር እየጎተተ ነው የሚሄደው።

"ጭራ ያለው ጥይት" ይላል የክለቡ ኃላፊ ሊዮ እየሳቀ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

ጭራውስ ባልከፋ፤ ችግሩ አለመምታቱ ነው። ይመር በየሐሙሱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳበትን ሺፍት ጨርሶ ይመጣና፣ አምስት ሜትር ላይ የቆመች ትሪ የምታህል ብረት ይስታል። ግድግዳውን ግን አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።

በክለቡ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም፤ ሁሉም የጨዋታ ስም ያወጣል። ይመር አላፈረም፣ "ካፒቴን" ብሎ ተመዘገበ። በውጤት ሰሌዳው ላይ ካፒቴን መጨረሻ ነው። አንደኛዋ ከማክሰኞ ምድብ "ማያ" የምትባል ናት።

አንድ ሐሙስ ቀደም ብሎ ደረሰ። የማክሰኞ ምድብ ብረት ገና አልተጸዳም። ሰሙ ልክ መሀሉ ላይ ተለጥፏል። ይመር መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። ሰሙ ውስጥ የጧፍ ክር አለ።

እሱ ማክሰኞ መጥቶ አያውቅም። መሀሉንማ ጭራሽ መትቶ አያውቅም።

ወዲያው ገባው። የተረፈው ሰም የሚቀመጠው ክለቡ ሎከር ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ሊዮ ጋ አለ። ሊዮ እየሰረቀ ለዚያች ለማያ ይሰጣታል ማለት ነው።

"የኔን ሰም ለማን ነው የምትሰጠው?" አለው።

"ካፒቴን፣ አትቀየመኝና" አለ ሊዮ፣ "ያንተን ጥይት ማን ይፈልጋል?"

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ይመርን ያበሸቀውም እሱ ነው። ቤት ገብቶ ለአጸደ ነገራት።

"ሌባ አለ። ኮምፕሌይን አደርጋለሁ።"

"ተው፣ ለቁራጭ ጧፍ" አለች አውራ ጣቷን እየጠባች። መጥበሻ አቃጥሏት ነበር።

"ሰሙ አይደለም አጹ። የኔን ጥይት ይዛ እንዲህ የምትመታዋን ሴትዮ ዓይኗን ማየት እፈልጋለሁ።"

"ቅዳሜ ኦፕን ሃውስ አይደል፣ ለእንግዳ ክፍት? ሁለቱም ምድብ ይወዳደር የለ? ያኔ ታያታለህ። እኔም እመጣለሁ።"

ይመር ደነገጠ። "ጩኸቱ ያስደነግጥሻል።"

"እችለዋለሁ" አለች።

ሊዮ ቢስቅበት ግድ አልነበረውም፤ በራሱ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። የፈራው አጸደን ነው። እዚህ አገር መጥቶ ያልሆነው ነገር ብዙ ነው፤ በእሷ ዓይን ግን ሁልጊዜ ያ አልሞ ተኳሽ ነበር። ቅዳሜ እሱም ሊቀር ነው።

ቅዳሜ ከሰፈራቸው ከቶርንክሊፍ ሲወጡ መኪና ውስጥ ሊናዘዝላት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። ኤግሊንተን መንገድ ላይ መብራት ሲይዛቸው እንደምንም ወጣው።

"አጹ፣ እጄ እኮ እንደ ድሮው አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች፣ በመስኮት እያየች።

ተራው ደረሰ። አራቱን ጥይት ግድግዳው ተቀበለው። አምስተኛው ከነክሩ ጣሪያው ላይ መብራቱን ይዞ ተንጠለጠለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመርም ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሣ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ሄዶ አጸደ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልደፈረም።

ሊዮ ወረቀቱን አነሣ። "ቀጣይ ተኳሽ፣ የማክሰኞ ምድብ አንደኛዋ ማያ።"

ይመር ሌባዋን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

"ቦርሳዬን ያዝልኝ፣ አንተ ሽንኩርት ከታፊ" አለች አጸደ፣ ከመቀመጫዋ እየተነሣች።