ነፋሱ ከምሥራቅ ነው

ዶክተር ውበቱ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የተሰቀለውን ካርታ በጣቱ እየመታ፣ «እንደምታዩት አቧራው ወደ ዓባይ በረሃ ነው የሚወርደው፤ እናንተ መንደር አይደርስም» ሲል ዘመናይ ጆሮዋን አላመነችም።

ካርታውን የሠራችው እሷ ናት። ከመንደሩ በስተምሥራቅ ካለው ድንጋይ መፍጫ የሚነሣው ብናኝ በነፋስ እስከ የት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ያሰላችውም እሷ። ስህተቱም የእሷ ነው። የአየር ጠባይ መዝገቡ «ምሥራቅ» ሲል ነፋሱ የሚመጣበትን ማለቱ ነው፤ እሷ ግን የሚሄድበት አድርጋ አስገባችው። ብናኙም በካርታው ላይ ፊቱን አዙሮ ሰው ወደሌለበት ገደል ነጎደ። ያወቀች ዕለት እየሮጠች አለቃዋ ዶክተሩ ቢሮ ሄዳ ነግራዋለች፤ የታረመውን ካርታም ጠረጴዛው ላይ አኑራለታለች። «ጎበዝ፣ ይህን ነው የምናቀርበው» ብሏት ነበር። ይህን ካለ ገና ሳምንቱ ነው፤ አጥሩ ላይ የተሰቀለው ግን ያው የተሳሳተው ነው።

«እንግዲህ መፍጫው ሥራውን ያስፋፋ ብላችሁ ትፈርማላችሁ» አለ ዶክተሩ።

የድጓው መምህር የኔታ ኪዳነ ማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ደጋግመው ሳሉ። «ተማሪዎቼ ከጥቅምት ወዲህ ድምፅ የላቸውም። አቧራው በረሃ ከወረደ ጎጇቸው የሚገባው ምንድን ነው?»

«የኔታ፣ ይህ እኮ ሳይንስ ነው…»

«ውሸት ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዘመናይ ራሷም ደነገጠች፤ ቁጣው ግን አንዴ ከጉሮሮዋ ወጥቷል።

«ዘመናይ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! የታረመውን ሰጥቼዎት የለም? የት ጣሉት?»

«እንጀራሽን አስቢ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችው። ካርታው እስኪቀደድ ተጭና ከመፍጫው ወደ ምዕራብ ሰፊ መስመር ሳበች፤ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በተማሪዎቹ ጎጆ፣ በመንደሩ ላይ። «ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። አቧራው የሚያርፈው እዚህ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እያወቀ የደበቃችሁ ግን እሱ ነው!»

ያመሰገናት የለም። አንሙት የሚባል ገበሬ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ነፋስ ከየት እንደሚመጣማ በሬዬም ያውቃል! ባቄላዬ በአበባው ደርቆ ከቀረ በኋላ ነው አንቺ ከደብረ ማርቆስ መጥተሽ የምትነግሪኝ?»

ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

ዶክተሩ ካርታውን እዚያው ትቶ የሚፈረመውን ወረቀት ሰብስቦ መኪናው ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋላት። አልሄደችም። መኪናው ጥሏት ሄደ።

ያኔ አንዲት እናት ወደ ካርታው ቀረበች። «የኔ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። የት ላይ ይውላል?» ዘመናይ አሳየቻት። ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሰው ተሰለፈ። ለእያንዳንዱ ሳታቃልል ነገረችው። በአንድ ቤት ላይ ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር ንዴቷ ባሰ እንጂ አልበረደም።

መጨረሻ ላይ የቀረው የመፍጫው ዘበኛ ነበር። የድርጅቱን ካፖርት ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ስብሰባውን ከበሩ ቆሞ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው። ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለ።

«እኔ እዚያው መፍጫው ግቢ ውስጥ ነው የማድረው» አለ በሹክሹክታ። «ሚስቴም፣ ሁለቱ ልጆቼም አብረውኝ ናቸው። የኛስ?»

ዘመናይ ጣቷን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች፤ መስመሩ ከሚጀምርበት፣ አቧራው ከሁሉ ከሚበዛበት ላይ። እጇ ግን አልነሣ አላት።