አሮጌው ዊንዶውስ

«ትንሽ ታገሺ ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አሁን ይጠይቀናል» ይላሉ አባቴ። «ሁለት ምርጫ ያመጣል። የታችኛውን ነው የምንነካው።»

አልታየሽ ከዌምብሊ ሁለት አውቶብስ ቀይራ የመጣችው ለዚህ ነው። አባቷ በደርግ ጊዜ ከአባቴ ጋር ታስሮ እዚያው ሞቷል፤ እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም ነበር። አባቴ ተሰደው እዚህ ሆሎዌይ ከገቡ ጀምሮ አብረዋቸው ስለታሰሩት ሰዎች ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስለ አባቷ ብቻ ዐሥራ አንድ ገጽ። አሁን መርሳት ስለጀመሩ «ከእኔ ይልቅ የጻፍኩትን እይው» ብለው ጠርተዋታል።

ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ አዲሱን ዊንዶውስ ይከፍታል።

«አመለጠን። አጥፍተህ አብራው እስቲ ኤርሚ።»

አላመለጠንም። አማርኛ የሚጽፉበት የድሮ ፕሮግራም በአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ስለሚሠራ፣ ሁለቱንም አንድ ኮምፒዩተር ላይ የጫንኩላቸው እኔው ነበርኩ። ባለፈው ወር ግን ኮምፒዩተሩ ሞልቶ አላንቀሳቅስ አለ። የአባቴን ፋይሎች በአዲሱ ብከፍታቸው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ሆኑብኝ። ተበላሽተዋል አልኩ፣ እኔ አዋቂው! አባቴ እዚሁ ሶፋው ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት?

እንደገና አበራለሁ። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ።

«አባባ፣ አሮጌው የለም» እላለሁ። «የተበላሸ መስሎኝ ከነጽሑፍዎ ዲሊት አደረግሁት። ቦታውን ለአዲሱ ሰጥቼዋለሁ።»

«ኮፒ የለውም?» ትላለች አልታየሽ።

የለውም። ቀና ብዬ ላያት አልችልም። አባቴ ቢጮሁብኝ በስንት ጣዕሙ፤ እሳቸው ግን እኔን ትተው ወንበራቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ።

«አባትሽ ቀይ ነበር። ረጅም» ይላሉ ዐይናቸውን ጨፍነው። «ቡኒ ሹራብ ነበረው፤ ሲበርደኝ አውልቆ ያለብሰኝ ነበር።»

አልታየሽ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ትጽፋለች።

«አይ፣ ቆይ... ሹራቡ የሌላ ሰው ነው መሰለኝ። አባትሽ ማታ ማታ የሚያንጎራጉረው ነው። ነው ወይስ...»

«ግድ የለም ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ይቀጥሉ።»

ሹራቡን አትሰርዘውም። ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ታደርግና እንጉርጉሮውን ከሥሩ ትጽፋለች።