ከሊስቤት መደርደሪያ የጠፋው ሞተር

«ሞተሬን ማን ነካው?!»

ሊስቤት ጮኸች... የክለቡ ሰው ሁሉ መፍቻውን እንደያዘ ቀጥ አለ።

ዴንማርክ፣ ኦዴንሰ ከተማ ያለው የሮቦት ሠሪዎች ክለብ አንድ ሕግ አለው። የሰው መደርደሪያ አይነካም! ሥራህ ዓመት ሙሉ አቧራ ቢጠጣም ማንም ንክች አያደርገውም።

አሁን ግን ሊስቤት ከሠራችው የሮቦት ክንድ ላይ ትልቁ ሞተር ተነቅሏል። በቦታው አንዲት ትንሽዬ ሞተር ተገጥማለች።

ክንዱ ደግሞ የጨዋታ አይደለም። ባሏ ኤቫልድ እጁ ማንኪያ መያዝ አቅቶታል፤ ክንዱ ማንኪያውን ሊያነሳለት ነው። እሁድ የልጅ ልጃቸው አስታ በእምነቷ ለመጽናት ቤተ ክርስቲያን ቃል የምትገባበት በዓል ነው፣ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። ኤቫልድ ግን «እንደ ሕፃን እያጎረሳችሁኝ ሰው ፊት አልቀመጥም» ብሎ እርፍ!

«ጎርም ነው...» አለች በልቧ።

አዲስ ገብ ነው። ወሬ የለውም፣ ዓይኑ ግን ሥራዋ ላይ ነው። ሰሞኑን መጥቶ «ይሄ ሞተር እንዳይዞር ሲታፈን ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይስባል?» ሲላት፣ «ምን አገባህ?» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ለካ እያጠናት ኖሯል!

«ጎርም ሌባ ነው! ይባረርልኝ!»

«ኧረ ቀስ በይ እንጂ...» አለ ሰብሳቢው ኬልድ። «በምን አወቅሽ?»

«በምን? ቆይ ላሳይህ!»

ሕጉን ራሷ ጥሳ የጎርምን መደርደሪያ በረበረችው።

ሞተሯ እዚያው ቁጭ ብሏል!

«አላልኳችሁም?!»

ግን... አጠገቡ ተቃጥሎ የጠቆረ፣ ለሞተር ኤሌክትሪክ የሚያድል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ። ከጎኑ የጎርም ሮቦት፣ ሞተሩ ተነቅሎ።

ጎርም በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«የኔ ሰሌዳ ነው፣ ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት» አለ። «ያንቺን ሞተር ሞከርኩበት። በባዶ ሲዞር ሰላም ነው፤ አንቺም የለካሽው በባዶ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነን። አፍኜ ስይዘው ግን ሰሌዳው ከሚችለው በላይ ሳበና... ጨሰ። ማንኪያው ሳህን ላይ ቢያዝ ኤቫልድ ፊት ነበር የሚጨሰው።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«መች ታናግሪኛለሽ?»

ሊስቤት ወደ ሮቦት ክንዱ ጠቆመች። «ይቺ ትንሿስ?»

«ከኔ ሮቦት የነቀልኳት ናት። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ግን ሾርባም ድንችም ታነሳለች። ሰሌዳሽም ይችላታል። የኔ ሰሌዳ እንደሆነ ተቃጥሏል... ቅዳሜ የሮቦት ውድድሩ ላይ አልገባም፣ ምን ታደርግልኛለች?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች! እንዲህ አፍራ አታውቅም።

እሁድ ኤቫልድ ከዘመዶቹ መሀል ተቀመጠ። ክንዱ እያነሳለት መብላት ጀመረ።

ድንገት ማንኪያው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተያዘ። ሊስቤት ከወንበሯ ብድግ አለች... ትንሿ ሞተር ቆመች። ጭስ የለም፣ ምንም የለም! አስታ ሳህኑን ገፋ አደረገችው፣ ማንኪያውም ተነሳ።

«ጎበዝ! ማን ነው የሠራው?» አሉ ዘመዶቹ።

ሊስቤት «እኔ» ልትል አፏን ከፈተች...

«እኔና... ሌባ ብዬ የሰደብኩት ሰው» አለች። እንባዋ መጣ።

ወዳጆቼ፣ ዓይኑን የጣለብን ሁሉ ሊሰርቀን አይደለም። አንዳንዱ ልንቃጠል ስንል አይቶ ነው።

ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል... ጎርም ሳያስፈቅድ መንካቱ ልክ ነበር? እናንተ በሊስቤት ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ ታመሰግኑታላችሁ ወይስ ትቆጡታላችሁ? እስቲ ኮመንት ላይ እንከራከር 👇