የምርመራው ግልባጭ

የፖሊስ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የምርመራውን ግልባጭ ሲያቀብላት ሸሪፋ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ልጇ ሀፊዝ ኮምቦልቻ፣ በሚሠራበት ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ከሞተ ወዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የነገራት አልነበረም። ከሐርቡ ደሴ ሁለት ወር ተመላልሳ፣ ማመልከቻ አስጽፋ፣ መረጃ የማግኘት መብት አለሽ ተብላ ነው ዛሬ የደረሰችው። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን አብራት ለመጣችው ሴት ልጇ ለፋኢዛ ሰጠቻት። ፋኢዛ አንደኛውን ገጽ አነበበችላት፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አቆመች።

"ምነው?"

"'የሟች እናት ክስ እንደማይፈልጉ ገልጸው በጣታቸው ስለፈረሙ መዝገቡ ተዘግቷል' ይላል። አሻራሽም አለበት፣ እማ።"

ሸሪፋ አስከሬኑን የተረከበችበት ቀን ትዝ አላት። እያለቀሰች ሳለ አንድ ሰውዬ ጣቷን ይዞ ቀለም አስነክሯት ነበር።

"ወላሂ! አስከሬኑን ለመረከብ ነው ብለውኝ ነው የፈረምኩት!"

ሠራተኛው አቀረቀረ። "እማማ፣ እኔ ግልባጩን ከመስጠት በቀር ሥልጣን የለኝም" አለ። ቀጥሎም አንድ ቅጽና የጣት ቀለም አቀረበላት። "መቀበልዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።"

ሸሪፋ እጇን ሻርፗ ውስጥ ሸሸገች።

"ፋኢዛ" አለች፣ "ይሄንንም አንብቢልኝ። ከላይ እስከ ታች።"