ላንጋኖ ላይ ታርቀናል

ትርሲት ሽማግሌዎቹን ስትጠብቅ፣ ከቤት ወጥቶ የከረመው ባሏ መኩሪያ ሻንጣውን ይዞ ብቻውን ከች አለ።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ምን ያደርጋሉ? ላንጋኖ ታርቀን የለ! እንዳትመጡ ብያቸዋለሁ።»

ግራ ገባት። ላንጋኖን አይታው አታውቅም።

«የላንጋኖውን ሪዞርት መነጽር፣ ሳይሄዱ እንደ ሄዱ የሚያደርገውን፣ አድርጌ ነዋ። ክፍል ሳትይዝ ቅመሰው ሲሉኝ ፎቶሽን ላክሁ፤ አንቺንም መነጽሩ ውስጥ አመጡልኝ። ቀዩን የዋና ልብስሽን ለብሰሽ ነበር። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኩሽ። አልቅሰሽ ይቅር አልሽኝ። ሁለተኛ እንዳላነሳውም አስማልሽኝ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እየዋሸ አይደለም፤ በመነጽሩ የታየ ነገር እንደ ኖሩት ሁሉ ልብ ውስጥ ይቀራል።

«ምንድነው የነገርከኝ?»

«ምዬልሽ የለ እንዴ፣ ትርሲትዬ!»

ቁምሳጥኑን ከፈተች። የቀዩ የዋና ልብስ የዋጋ ወረቀት ገና አልተበጠሰም። ይቅር ያለችው እሷ ከሆነች፣ ይህች ልቧ የሚነድደው ሴት ማን ናት?

ስልኳን አንስታ ለሪዞርቱ ጻፈች፦ «ባሌ ምን ነበር የነገረኝ?»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ውድ እንግዳችን፣ ትዝታዎን መልሰው ለማየት አስቀድመው ክፍል መያዝ ይኖርብዎታል። ለሁለት ሰው ይሁንልዎ?»